ክረምት ያልሆነው ብርድ፤ የበረዶ አገር ጉዞና ደስታው በአማርኛ ጽሑፍ

ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሱ ልብ ወለዶችን የሚያነብ ሰው፣ ክረምት ገብቶ አገሩ በረዶ ለበሰ የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሳያጋጥመው አይቀርም። ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ጉድለት የለበትም፤ ቃላቱም ከልጅነት ጀምሮ የምናውቃቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ከላላ ላይ ተወልዶ ያደገ አንባቢ ሲያነበው በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት ሥዕል ደራሲው ካሰበው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ለከላላ ሰው ክረምት ማለት ጭቃ፣ ጉም፣ የሞላ ወንዝና የተቋረጠ መንገድ ነው። በረዶ ደግሞ ከነጎድጓድ ጋር ወርዶ ያበበውን ባቄላ የሚያረግፍ፣ ቆርቆሮውን የሚደበድብ፣ ጥቂት ቆይቶም ቀልጦ ጎርፍ የሚሆን ነገር ነው። እንግዲህ የልብ ወለዱ ባላባት ፀጉር ካፖርቱን ደርቦ በዚህ መካከል ለሽርሽር ወጣ ሲባል፣ አንባቢው ሰውየውን ጤነኛ አይደለም ብሎ ቢጠረጥር የሚፈረድበት አይመስለኝም።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ የንባብ መፋለስ ነው። ዓላማውም ወደ ብርድ አገር የሚደረግ ጉዞና ከጉዞው የሚገኘው ደስታ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ እንዴት እንደተገለጸ፣ ይልቁንም ስለምን ሳይገለጽ እንደቀረ መመርመር ነው። ለማመሳከሪያነት የያዝሁት የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ፣ ማለትም ከላላን፣ የቦረናዋን መካነ ሰላምንና ለጋምቦን ነው። ለቃል ግጥም ስብሰባ በእግሬም በመኪናም የተመላለስሁበት አገር በመሆኑ ብቻ አይደለም የመረጥሁት። ውርጭ የሚያድርበት ሜዳና የዓባይ ቆላ እዚህ አካባቢ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ብቻ ስለሚራራቁ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ጋቢውን ሁለት ጊዜ ደርቦ ሁለት ጊዜ የሚጥልበት ምድር ነው። ስለ ብርድ የሚነገረው ነገር ሁሉ የሚፈተነው እንዲህ ባለ ቦታ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ክረምት የሚለውን ቃል እንመልከት። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ሐጋይ ወይም በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይም ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የአውሮፓ ሰው «ዊንተር» የሚለው ወቅት ግን ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ የሚዘልቅ ስለሆነ፣ ጥቂት ቀን ከመፀው ወስዶ ቀሪው በሙሉ ያረፈው በበጋችን ላይ ነው። እኛም ብንሆን ብርዱ የሚጠናብን በዚያው ገደማ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የተፈጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰማዩ ጠርቶ፣ ደመናው ተገልጦ፣ የቀኑ ፀሐይ አናት ሲበሳ የሚውልበት፣ ሌሊቱ ደግሞ ሣሩን አንጥቶ የሚያድርበት ጊዜ ነው። በአጭሩ የእኛ ብርድ የበጋ ልጅ ነው።

ታዲያ «ዊንተር» እንዴት ክረምት ሆነ? ጥፋቱን በዘመናችን ተርጓሚዎች ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። መንገዱን የከፈተው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ስለ ሽሽት በተነገረው ቃል፣ እንዲሁም በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 የቅዝቃዜው ወራት ማለፉ በተነገረበት ቦታ የምናገኘው ክረምት የሚለውን ቃል ነው። እዚያም ቃሉ በሚገባ ይሠራል። የፍልስጥኤም የብርድ ወራት የዝናብም ወራት ነውና፣ በክረምት መሸሽ ለኢየሩሳሌም ሰው አስጨናቂ እንደሆነ ሁሉ ለወግዲና ለከላላ ሰውም አስጨናቂ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ከወዲህ ማዶ ያስቀራልና። ችግሩ የመጣው ለኢየሩሳሌም የተሰፋው ቃል ተወስዶ ለሞስኮና ለፒተርስቡርግ በመልበሱ ነው። በአብዮቱ ዘመን በሞስኮው ፕሮግረስ ማተሚያ ቤት በአማርኛ እየታተሙ የመጡት መጻሕፍት በብዛት ሲሠራጩ፣ አንድ ትውልድ የሩሲያን ነጭ ሜዳ በሐምሌ ጭቃ አስመስሎ አነበበ። እዚህ ላይ የጠፋው የወቅት ስም ብቻ አይደለም። በእኛ ክረምት ጉዞ ይቆማል፤ በሩሲያ ግን ረግረጉና ወንዙ ረግቶ ድልድይ ስለሚሆን የበረዶ ጋሪው መንገድ የሚከፈተው ያኔ ነው። በአንዱ ቃል ውስጥ የተዘጋ በር፣ በሌላው ውስጥ የተከፈተ በር አለ።

በረዶ የሚለው ቃል ጣጣ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ግዕዝ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው፤ በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ እያለ ይለያል። ከዳዊት ጋር በሚደገመው ጸሎተ ነቢያት ውስጥ ያለው የሠለስቱ ደቂቅ ምስጋና እሳቱንና ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ቁሩንም፣ አስሐትያውንም፣ ሐመዳውንም ለምስጋና ይጠራል። ዳዊት የደገመ የቆሎ ተማሪ ሁሉ የእነዚህን ስሞች ልዩነት በዓይኑ ባያየውም በአፉ ያውቀዋል ማለት ነው። አማርኛ ግን በየዕለቱ ንግግር ከሰማይ የሚወርደውን ድንጋይ መሳይ፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውን ግግር፣ በፈረንጅ አገር እንደ ላባ የሚረግፈውንም በአንድ በረዶ ጠቅልሎ አስሮታል።

በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ጉዳይ የሚያሳየው ማመንታት ለተመራማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። የዳዊት ንስሐ በተነገረበት መዝሙር ንጽሕና የተመሰለው በበረዶ ነው። በኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ግን ያው ንጽሕና በአመዳይ ተመስሏል። የዕብራይስጡ ቃል በሁለቱም ቦታ አንድ ሆኖ ሳለ አማርኛው ሁለት ሆነ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ብጠየቅ ያለ ማመንታት አመዳይን እመርጣለሁ። በረዶ ድምፅ አለው፤ ይመታል፤ ያቆስላል። አመዳይ ዝም ብሎ ነው የሚያነጣው። መዝሙር 147 ላይ ሲደርሱማ ተርጓሚዎቹ ከፍ ያለ ሥራ ሠርተዋል። ዕብራይስጡ አመዳይን የሚያመሳስለው ከበግ ፀጉር ጋር ነው፤ የእኛዎቹ ግን የበጉን ፀጉር ትተው ባዘቶ አሉት። ጥጥ በደጋን ተነድፎ፣ ተነፍቶ፣ ለመፈተል ሲዘጋጅ ያየ ሰው አመዳይ ሲረግፍ አይቶ ባያውቅ እንኳ ምን እንደሚመስል በዚህች አንዲት ቃል ይገባዋል። ቃሉን ከእናቱ መሶብ ወርቅ አጠገብ ካለው እንዝርት ነው ያነሡለት። ከዚያ ወዲህ የመጡት የልብ ወለድ ተርጓሚዎች ይህንን ፈለግ ስላልተከተሉ አዝናለሁ።

በእርግጥ አመዳይን ለመምረጥ አንድ መሰናክል አለ። በደገኛው አነጋገር አመዳይ ከውርጭ ጋር የተጠጋ ነው፤ ከሰማይ ሲወርድ አይታይም፤ ሌሊቱን አድሮ ጧት ይገኛል። ስለዚህ ስሙን ብናገኝ ግሡ ይጎድለናል። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

አንዳንድ ተማሪዎች፣ በአገራችን በረዶ ስለሌለ ቃል ባይኖረው ምን ይገርማል ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ኮስማስ የተባለው ተጓዥ ነጋዴ በስድስተኛው ምእት ዓመት አዱሊስ ላይ ገልብጦ ያቆየው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ አንድ ስሙ የጠፋ የአክሱም ንጉሥ ወደ ስሜን ስላደረገው ዘመቻ ይተርካል። በዚያ ላይ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ያለባቸው ተራሮች ተጠቅሰዋል። ጄምስ ብሩስ በጎንደር ዘመናት ወደ አገራችን መጥቶ ሳለ በዚህ ምድር በረዶ ብሎ ነገር የለም ብሎ ካደ። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልት ደግሞ የስሜን ተራሮች ነጭ ሆነው ማየቱን መሰከረ። ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸን ዛሬም አልፎ አልፎ ይነጣል። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ከክርክሩ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ስለ በረዶ ጉዞ በምድራችን የተጻፈው የመጀመሪያው ቃል የድል ቃል መሆኑ ነው። ንጉሡ በረዶውን የሚያነሣው እስከዚያ ድረስ ዘልቄ ገዛሁ ለማለት ነው እንጂ ነጭነቱ ዓይኑን ስለሳበው አይደለም።

ይህ የአመለካከት ፈለግ እስከ ሃያኛው ምእት ዓመት ድረስ ብዙም አልተለወጠም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ለመልእክት ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። እዚያ የነበሩት ብርዱ በሚገባበት ወራት ነበር። መጽሐፉ ግን የመልእክተኛ መጽሐፍ ነው፤ ዓይኑ ያለው በክብር አቀባበሉ፣ በትምህርት ቤቱና በፋብሪካው ላይ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም ገና በልጅነታቸው፣ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው በፒተርስቡርግ የመድፈኝነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ከሞቱ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው የሕይወት ታሪካቸው በአማርኛ ካሉን ግለ ታሪኮች ሁሉ በእኔ ግምት ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚሰለፍ ነው። ቢሆንም የዚያ ዘመን ተጓዥ የሄደው ለዕውቀት፣ ለአገር ጉዳይ ነው። ተጓዡ በራሱ ስለተደሰተበት ነገር በሰፊው ቢጽፍ ገንዘብና ጊዜ ያባከነ ሊመስልበት ይችላል። ደስታ በጉዞ ጽሑፋችን ውስጥ ሁልጊዜ ሰበብ ሲፈልግ የኖረ ነገር ነው።

ለንጽጽር ያህል የጃፓኑን ያሱናሪ ካዋባታን «የበረዶ አገር» እንውሰድ። ካዋባታ እ.ኤ.አ. በ1968 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ከተጠቀሱለት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ሺማሙራ የተባለው ገጸ ባሕርይ የውርስ ሀብት ያለው፣ ሥራ የማያጣድፈው የቶኪዮ ሰው ነው። ከተማውንና ቤተሰቡን ትቶ በባቡር ወደ ተራራው ማዶ፣ ፍል ውሃ ወዳለበት መንደር የሚሄደው ለደስታ ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ የብርድ አገር ጉዞ ልብ ወለድ አላውቅም። ይሁንና ካዋባታ ሰውየውን አያሞግሰውም። ሺማሙራ በዓይኑ አይቶት ስለማያውቀው የምዕራባውያን ዳንስ የሚጽፍ ሰው መሆኑን ይነግረንና ይተወዋል፤ ፍርዱ ለአንባቢ ነው። በረዶውን ሲያደንቅ የሚውለው እንግዳው ሲሆን፣ በበረዶው ውስጥ የምትኖረው፣ የምትሠራው፣ የምትወደው ኮማኮ ናት። በመጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ደግሞ በበረዶ ወራት ተሸምኖ፣ በበረዶ ውሃ ታጥቦ፣ በረዶ ላይ ተሰጥቶ ስለሚነጣ ልብስ ይተርካል። ይህን ሳነብ የእኛ ተርጓሚዎች ባዘቶ ትዝ አለኝ። ነጩን ነገር ያለ ሸማኔው እጅ ማየት የማይቻል ይመስላል።

ፑሽኪንም «የካፒቴኑ ልጅ» በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1836 በታተመው ልብ ወለዱ ውስጥ ብርዱን ለጌጥ አላስገባውም። ወጣቱ ግሪኒዮቭ በአውሎ በረዶ መንገድ ሲጠፋው አንድ የማያውቀው ሰው ወደ ማደሪያ ይመራዋል፤ እርሱም በማግሥቱ የጥንቸል ቆዳ ካፖርት ይሰጠዋል። ሰውየው በኋላ የዐመፀኞቹ መሪ ፑጋቾቭ ሆኖ ሲገኝ ያ ካፖርት የልጁን ነፍስ ያተርፋል። ትልሙ በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ ሌሊት ብርድ ላይ ነው።

ወደ ራሳችን ልብ ወለዶች ስንመለስ የምናገኘው ሌላ ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል የምነና ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ የወጣችበት መንገድ የፍዳ መንገድ ነው። መንገድ በአማርኛ ልብ ወለድ ሰውን ይፈትነዋል፤ አያዝናናውም። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ከጣርማ በር ብርድ በታች፣ በይፋትና ጥሙጋ የተመሠረተ መቼት ቢኖረውም፣ ሽቅብ ወደ ውርጩ የሚወጣው የደራሲው ዓይን ብዙ አይቆይም። አዲስ አገር ለማየት፣ ለመደነቅ ሲል የሚጓዝ ተራኪ ይዞ የመጣው ፍቅረ ማርቆስ ደስታ ነው። እርሱም በ«ከቡስካ በስተጀርባ» አንባቢውን የወሰደው ወደ ሐመር፣ ወደ ሞቃቱ ቆላ ነው። ይህ እንዲያው አጋጣሚ አይመስለኝም። ደገኛው ጸሐፊ ለእንግድነት ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ብርዱ ቤቱ ስለሆነ አይጎበኘውም።

እንግዲህ የብርድ ደስታ በባህላችን የለም ማለት ነው? በፍጹም። የተቀመጠበት ቦታ ሌላ ነው። አንድ መንገደኛ በኅዳር ወር ከአቀስታ ወዲያ ባለው ሜዳ ሲሄድ ውሎ ሲመሽበት፣ ጭስ ወደሚታይበት ቤት ጠጋ ብሎ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር የብርዱ ሥነ ውበት የሚገለጥበት ነው። እንግዳው ወደ ምድጃው እንዲጠጋ ይደረጋል፤ እግሩ ይታጠብለታል፤ ባና ይደረብለታል፤ የገብስ ቆሎ ይቆላል፤ ቡና ይፈላል። በእስላሙ ቤት ዱዓ ይደረጋል፤ መንዙማ ከተጀመረ ሌሊቱ አጭር ይሆናል። በክርስቲያኑ ቤት አረቄ ይቀዳል፤ ተረት ይወጋል። በዚያ አገር ሁለቱ ቤቶች ጎን ለጎን ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ዘመዳሞች ናቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ብርዱ ከደጅ ሆኖ ይሰማል። ደጁ እንዲያ ባይሆን ኖሮ የምድጃው ዙሪያ እንዲህ ባልጣፈጠ ነበር። ፈረንጁ ብርዱን ሊያይ ይወጣል፤ የለጋምቦ ሰው ብርዱን ሊሰማ ይገባል። ይህን ልዩነት ሳይረዱ «የተፈጥሮ አድናቆት በአማርኛ የለም» ብሎ መደምደም፣ በአንዳንድ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ እንደማየው፣ ችኮላ ነው።

ወደ ብርድ አገር መጓዝም ቢሆን አለ፤ ስሙ ሽርሽር አይባልም እንጂ። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግሼን ማርያም ለመሳለም ወደ አምባው የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። በአምባው አናት በጋቢ ተጠቅልሎ፣ እርስ በርስ ተጠጋግቶ ያድራል። ቁሩ የበረከቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሲመለስም የሚተርከው ስለዚያ ቁር ነው፤ ፊቱ እየበራ ይተርከዋል። ይህን ትረካ ደስታ ካላልነው ምን እንለዋለን? ከመካነ ሰላም ወደ ጋስጫም የሚሄድ አለ። ጋስጫ የአባ ጊዮርጊስ ቦታ ነው። በሌሊት የሚደርሰውን ሰዓታት የደረሱት ሊቅ ከዚህ ደጋ ጋር ስማቸው ተያይዞ መቅረቱን ሳስብ፣ የሌሊት ምስጋናና የሌሊት ቁር ያላቸውን ዝምድና አንድ ሰው ወደፊት ቢመረምረው እላለሁ። ለጊዜው ግን ግምት ስለሆነ ከዚህ አላልፍም።

አሁን ያለንበት ዘመን የጉብኝት ጽሑፍ ከዚህ ሀብት የወሰደው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በመካነ ሰላም አቅራቢያ ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው፣ በኋላ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የተባለው ስፍራ አለ። ከ3500 ሜትር በላይ በሚደርሰው ከፍታው ላይ ጓሳው፣ አስታውና ጅብራው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ይገኛሉ። ስለዚህና ስለሌሎች ደጋማ ቦታዎች በየበራሪ ወረቀቱና በየመጽሔቱ የሚጻፈውን ሰብስቤ ሳነብ፣ «ነፋሻማ አየር»፣ «ዓይን የሚማርክ መልክዓ ምድር»፣ «የተፈጥሮ ጸጋ» የሚሉት ሐረጎች ከገጽ ገጽ ይመላለሳሉ። ቦታውን ለውጠን ስሜንን ወይም ባሌን ብናስገባበት ጽሑፉ አንድ ፊደል አይለወጥም። የሚያሳዝነው፣ ቋንቋው ድሃ አለመሆኑ ነው። ቅዝቃዜ የዕቃና የአየር ነው፤ ብርድ ወደ ሰው ይገባል፤ ቁር ይጠብሳል፤ ቆፈን ጣትን ይዞ ቁልፍ አያስፈታም፤ ውርጭ በምድርና በአዝመራ ላይ ያርፋል። አምስት መዓረግ ያለው ብርድ ይዘን «ነፋሻማ» እንላለን።

ውርጭን ካነሣሁ አይቀር፣ ይህ ቃል በጉብኝት ጽሑፎቹ ውስጥ አለመገኘቱ የቃላት ምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጧት ፀሐይ እያብረቀረቀ ፎቶግራፍ የሚነሣው ነጭ ሜዳ፣ ለባለ መሬቱ የተመታ ገብስ ሊሆን ይችላል። የደቡብ ወሎ ደጋ በበልግ ዝናብና በገብስ ላይ የቆመ ኑሮ እንዳለው፣ በ1966ም በ1977ም ዓ.ም. ወሎ ምን እንደደረሰባት አንባቢ ያውቃል። በዚያ ምድር ላይ ውርጭን ውብ ነው ብሎ መጻፍ ክልክል ነው አልልም። ውብም ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነገር ግን እረኛው ልጅ ባዶ እግሩን ከብቶቹ ተኝተውበት በሞቀው መሬት ላይ ቆሞ ሲሞቅ የማይታይበት ነጭ ሜዳ የካዋባታ ሳይሆን የሺማሙራ ሥራ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት ሳቢያ ደግሞ እንኳን ጎብኚው ነዋሪውም እንደልቡ የማይጓዝበት ጊዜ መጥቷል። አካባቢው በጽሑፍ ብቻ በሚታይበት በእንዲህ ያለ ጊዜ የጽሑፉ ጥራት ይበልጥ ያሳስባል።

በመጨረሻ በውጭ አገር የሚኖሩትን ወገኖቻችንን ጽሑፍ ላንሣ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር ኮሎኝ ሥዕል ተማረ፤ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት አረፈ። ሰሎሞን ደሬሳ ከአሜሪካ ብርዳም ግዛቶች አንዷ በሆነችው በሚኒሶታ ኖሮ በ2010 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። እነዚህ ታላላቅ ባለቅኔዎች ናቸውና የምናገረው ስለ እነርሱ አይደለም። ከእነርሱ በኋላ በስደት በሚጻፉት ግጥሞችና አጫጭር ልብ ወለዶች ውስጥ በረዶ አንድ ትርጉም ብቻ ይዞ ቀርቷል፤ ብቸኝነት። ገጸ ባሕርይው በመስኮት ያያል፤ በረዶ ይወርዳል፤ አገሩ ትዝ ይለዋል። ተምሳሌቱ በመጀመሪያው ሰው እጅ ሕይወት ነበረው፤ በመቶኛው እጅ ማኅተም ሆነ። የደገኛ ልጅ የሆነ ስደተኛ ብርድን ከሰው ጋር፣ ከምድጃና ከባና ጋር ያውቀው ነበር። ያጣው ሙቀት አይደለም፤ በብርዱ ዙሪያ የነበረውን ሰው ነው። ይህን ለይቶ የጻፈ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከዚህም የባሰው ልጆቹ ናቸው። በሚኒያፖሊስ የተወለደው ልጅ በበረዶው ይጫወታል፤ ይንሸራተታል፤ ጠፍጥፎ ይወራወራል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ፣ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሎምፒክ (ይህም ክረምት የእኛ አይደለም!) የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። ደስታው አለ ማለት ነው፤ ባለቤቱም ኢትዮጵያዊ ነው። ልጁ ሮጦ ወደ ቤት ሲገባ ግን ያየውን ለእናቱ የሚነግራት በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ሊነግራት ቢሞክር የሚያገኘው «በረዶ ጣለ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እርሷም ስትሰማው የሚታያት የባቄላው ማሳ ነው።

ከላይ የጎደለን ግሥ ነው ያልሁት ለዚህ ነው። በረዶ ይጥላል፣ ይዘንባል፣ ይወርዳል፤ ሁሉም ክብደት አላቸው። አመዳይ ያድራል፤ እንቅስቃሴ የለውም። ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ፣ እየተንሳፈፈ ለሚወርደው ነገር በለጋምቦና በከላላ ስለ ጉም፣ ስለ ገለባ፣ ስለ ጥጥ ከሚነገሩት ግሦች አንዱን መዋስ ይቻላል። ገለባ ሲያዘሩት ይበናል፤ የአስታ አበባ ይረግፋል፤ ጉም ይነጠፋል፤ ባዘቶ ይነፋል። በበኩሌ ለሚወርደው «አመዳይ ይረግፋል»፣ ወርዶ ለተኛው «አመዳይ ተነጥፏል» ማለት የሚሄድ ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት ለሦስተኛ ዓመት የትርጉም ተማሪዎቼ የፑሽኪንን የአውሎ በረዶ ምዕራፍ ሰጥቼ በዚህ መንገድ እንዲሞክሩት አድርጌ ነበር። ከሃያ ሁለቱ ተማሪዎች አሥራ አራቱ «ይረግፋል»ን ተቀበሉት። የቀሩት በአውሎ ነፋስ የሚነዳ ነገር አይረግፍም፣ «ይበናል» ነው የሚባለው ብለው ተከራከሩኝ፤ ከእነርሱም ሁለቱ የወረኢሉ ልጆች ነበሩ።